ውሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ሕዋስ ለምን አትፈነዳም?

ከኩሬ የተቀዳች አንዲት ጠብታ ውሃ በስስ መስታወት ላይ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ ብትመለከቱ፣ የጫማ ሶል የምትመስል፣ ዙሪያዋን በከበቧት ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈች የምትሽከረከር ፍጥረት ልታገኙ ትችላላችሁ። ፓራሚሲየም ትባላለች። መላ አካሏ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ቢሆን ነው። ስትቀዘቅዝና አንድ ቦታ ስትረጋ አካሏን በደንብ አስተውሉ። ውስጧ አንድ ኮከብ ብቅ ይላል። የኮከቡ ጨረሮች ቀስ በቀስ ይወፍራሉ፤ መሃል ላይ አንዲት ክብ ፊኛ መነፋት ትጀምራለች፤ ትሞላለች፣ ትወጠራለች፣ ከዚያ በቅጽበት ጥፍት ትላለች። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ኮከቡ እዚያው ቦታ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ልብ መሰለኝ። አመታቱ ልክ እንደ ልብ ነው። ነገር ግን ደም የሌላት ፍጥረት ልብ ምን ያደርግላታል? ያየሁት ነገር የምትሰጥም ጀልባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር፤ በስንጥቁ የሚገባውን ውሃ ሌት ተቀን በጣሳ እየቀዳ የሚያፈስስ ሰው። እጁን ያሳረፈ ዕለት ጀልባው አለቀለት። ፓራሚሲየምም ይህን ሥራ ብታቆም አብጣ ትሞታለች።

ለመሆኑ ውሃው ለምን ይገባባታል?

ነገሩ የሚጀምረው ከሕዋሷ ገለፈት ነው። እያንዳንዷ ሕዋስ እጅግ ስስ በሆነ የስብ ሽፋን ተከብባለች። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ነው፤ ሆኖም መራጭ ወንፊት ነው። ውሃን ያሳልፋል፤ ጨውን፣ ስኳርን፣ ፕሮቲንን ግን በዋዛ አያሳልፍም። ሕዋሷ ደግሞ እነዚህን ነገሮች በብዛት ይዛለች፤ ያለ እነሱ ሕይወት የላትም። ውጪ ያለው የኩሬ ውሃ ግን የሟሟበት ነገር ከቁጥር የማይገባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንያዝ። ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚሟሟውን ነገር፣ ጨውም ይሁን ስኳር፣ "ሟሚ" እንለዋለን። የጽሑፉ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ቃል ዙሪያ ነው።

አሁን በአንድ በር የተገናኙ ሁለት አዳራሾችን አስቡ። በሁለቱም ውስጥ ያሉት ሰዎች ዓይናቸው ተሸፍኖ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በመጀመሪያው አዳራሽ ያሉት በሙሉ ባዶ እጃቸውን ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ግን ከባዶ እጆቹ መካከል በበሩ የማያልፍ ትልቅ ሸክም የተሸከሙ አሉ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ማንም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ባዶ እጁን የሆነ ሰው በሩን ካገኘው ያልፋል፤ ባለ ሸክሙ ግን ቢያገኘውም ተጋጭቶ ይመለሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አዳራሽ ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው ሰው፣ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ከሚመለሰው ይበዛል። ጥቂት ቆይታችሁ ብትመጡ ሁለተኛው አዳራሽ ተጨናንቆ ታገኙታላችሁ።

ባዶ እጆቹ የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ባለ ሸክሞቹ ሟሚዎች፤ በሩ የሕዋሷ ሽፋን። ውሃ ሟሚ ከሚያንስበት ወደሚበዛበት በመራጭ ሽፋን በኩል ማለፉ ኦስሞሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ "ጨው ውሃን ይስባል" እየተባለ ይማራል። ለማስታወስ ቢመችም ጨው ውሃውን ከሩቅ ሆኖ የሚጎትትበት ኃይል ያለው አስመስሎ ያሳስታል። ሥራውን የሚሠራው የሞለኪውሎቹ ዕረፍት የለሽ እንቅስቃሴ ነው።

ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለምትኖር ሕዋስ ኦስሞሲስ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያልፍ አደጋ አይደለም። ውስጧ ከውጪው ይልቅ ሟሚ እስከበዛበት ድረስ፣ ማለትም በሕይወት እስካለች ድረስ፣ ውሃው መግባቱን አያቆምም።

ግፊቱ ያን ያህል ይበረታል?

በጣም ይበረታል። በኩሬ ውሃ ውስጥ በምትኖር ፓራሚሲየም ውስጥ ያለው የሟሚ መጠን ከባሕር ውሃ አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ይህ ልዩነት ግን ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ለማገድ ከ2 እጥፍ የአየር ግፊት በላይ የሚጠይቅ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋበትን ያህል ማለት ነው። ጎማው ግን ወፍራም ላስቲክና የብረት ክር አለው። የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ አይበልጥም፤ ተለጥጦም ብዙ አይራመድም፤ ጥቂት ከተወጠረ ይቀደዳል።

ይህን የራሳችን የደም ሕዋስ ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል። ቀይ የደም ሕዋስን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ክብ እስኪሆን ያብጥና ይፈነዳል፤ በዓይን የሚታየው የፍንዳታው ምልክት ውሃው መቅላቱ ነው። ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ ሳይሆን 0.9 በመቶ ጨው ያለበት የሆነውም ለዚህ ነው። የእኛ ሕዋሳት ይህን ችግር ብቻቸውን አይጋፈጡትም፤ ኩላሊት በዙሪያቸው ያለውን ፈሳሽ በልክ ያቆይላቸዋል። ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ግን ኩላሊትም ቆዳም እሷው ራሷ ናት።

ትንሽነቷም ይብስባታል። አካል ባነሰ ቁጥር ከይዘቱ አንጻር ገጹ ይሰፋል። ጎኑ በግማሽ ያጠረ ኩብ፣ ለእያንዳንዷ ጠብታ ይዘቱ እጥፍ ገጽ ይኖረዋል። ውሃ የሚገባው ደግሞ በገጽ ነው።

ታዲያ ውሃውን በፓምፕ ገፍታ አታስወጣውም?

ነገሩን ያልመረመረ ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ እኔም ለዓመታት እንዲያ ይመስለኝ ነበር። እስከዛሬ ግን የውሃ ሞለኪውልን እየያዘ ጉልበት አውጥቶ በሽፋን በኩል የሚገፋ ፓምፕ በየትኛውም ሕዋስ ውስጥ ሲሠራ አልተገኘም። ሕዋሳት ያላቸው የአዮን ፓምፕ ነው። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል ነው፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚበታተነው ወደ አዮኖች ነው።

ስለዚህ ሕዋስ ውሃን የምታዝዘው በተዘዋዋሪ ነው። ውሃው እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ቦታ አስቀድማ ሟሚ ትልካለች፤ ውሃው ራሱ ተከትሎ ይሄዳል። ይህችን ነጥብ የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይገባዋል፦ የፓራሚሲየም ፊኛ፣ የእርሾ መላ፣ በጨው ባሕር ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት ብልሃት፣ ሁሉም የዚሁ አንድ መርሕ ልጆች ናቸው።

ውሃው የሚያልፍበት መንገድም አለው። የስብ ሽፋኑ ራሱ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል፤ ብዙ ሕዋሳት ግን ለውሃ ብቻ የተሠሩ የፕሮቲን ቀዳዳዎች አሏቸው። አኳፖሪን ይባላሉ። አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሥራቸውን አሳይቶ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። አኳፖሪን ግን በር ብቻ ነው፤ አይገፋም። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚፈስስ የሚወስነው ሟሚው ያለበት ቦታ ነው።

ያ ኮከብ እንግዲህ ምን ነበር?

ሳይንሳዊ ስሙ ኮንትራክታይል ቫኪዩል ነው፤ ተኮማታሪ ከረጢት እንደማለት። እዚህ ለአነጋገር እንዲቀለን ቀጂ ከረጢት እንበለው። ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1776 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ የመተንፈሻ አካል አድርጎ ነበር የተረዳው። አይፈረድበትም፤ ሲነፋና ሲከስም ላየው ሰው የሚተነፍስ ነው የሚመስለው።

ፓራሚሲየም ሁለት ቀጂ ከረጢቶች አሏት፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ በኩል። በእያንዳንዱ ዙሪያ ከአምስት እስከ አሥር የሚደርሱ ቀጫጭን ቦዮች እንደ ኮከብ ጨረር ይዘረጋሉ። በእያንዳንዱ ቦይ ዙሪያ ደግሞ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ እንደ ስፖንጅ የተጠላለፈ የቱቦ መረብ አለ። የነገሩ ሞተር ያለው እዚህ መረብ ላይ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የቱቦዎቹ ግድግዳ ጥቃቅን ችካል በተመሰሉ ነገሮች ተሸፍኗል። እነዚህ ችካሎች የፕሮቶን ፓምፖች ናቸው። ሕዋሷ የጉልበት መክፈያ አድርጋ የምትጠቀምበትን ኤቲፒ የተባለ ሞለኪውል እየሰባበሩ ፕሮቶኖችን፣ ማለትም የሃይድሮጂን አዮኖችን፣ ወደ ቱቦው ውስጥ ይገፋሉ።

ያ ግፊት በቱቦው ግድግዳ ግራና ቀኝ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጥራል። ልዩነቱን መሠረት አድርገው ሌሎች አዮኖች ወደ ቱቦው ይገባሉ፤ በፓራሚሲየም ከረጢት ውስጥ በብዛት የተገኙት ፖታሲየምና ክሎራይድ ናቸው። አሁን ቱቦው ውስጥ ያለው ሟሚ ከሕዋሷ ሆድ ዕቃ በልጧል። ቀሪውን ውሃው ራሱ ይሠራዋል፤ ከሕዋሷ ወጥቶ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ መሃለኛው ፊኛ ይፈስሳል። ፓምፖቹን በሚያግድ መድኃኒት ተሞክሮ ሲታይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ በግልጽ ይቀንሳል።

ፊኛው ሲሞላ ክብ ይሆንና ከቦዮቹ ይለያል። በሕዋሷ ገጽ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚገኝ ቀዳዳ አለ፤ በስስ ሽፋን የተደፈነ። የፊኛው ሽፋንና የቀዳዳው ሽፋን ሲዋሃዱ በሩ ይከፈታል፤ ውሃው ወደ ውጪ ይፈስሳል። ፊኛውን እንደ ጡንቻ የሚጨምቀው ነገር አለ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በፓራሚሲየም ላይ የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ለዚህ የጡንቻ ዓይነት ፕሮቲኖች እንደማያስፈልጉ ነው። የተወጠረው የፊኛው ሽፋን ራሱ፣ በሕዋሷ ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ሆኖ፣ ውሃውን ያስወጣዋል። ባዶ የሆነው ሽፋን ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰባብሮ ይሰበሰባል፤ የሚጣል የለም፤ ለሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ይውላል።

ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው። በዚህ ፍጥነት እየቀዳች ፓራሚሲየም አንድ ሰዓት ሳይሞላ የራሷን አካል የሚያህል ውሃ አውጥታ ትጨርሳለች። አንድ ሰው ኪሎውን ያህል ውሃ በየሰዓቱ ጠጥቶ በየሰዓቱ ያስወግድ ነበር ብላችሁ ብታስቡት የሥራው ክብደት ይሰማችኋል።

ሥራው ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው ጉልበት ነው። አሜባ ፕሮቴየስ በምትባለው አሜባ ውስጥ ቀጂ ከረጢቱ ቋሚ ቦታ የለውም፤ አካሏ እንደሚፈስስ እሱም አብሮ ይንሳፈፋል። በሄደበት ሁሉ ግን ዙሪያውን ሚቶኮንድሪያ ከብበውት ይታያሉ። ሚቶኮንድሪያ ኤቲፒ የሚመረትባቸው የሕዋስ ክፍሎች ናቸው፤ ነዳጁ ከሥራው አጠገብ ተደርድሯል። ሁለተኛው ዋጋ ሟሚው ነው። ውሃው ሲወጣ አብረውት ፖታሲየምና ክሎራይድ ይወጣሉ፤ ሕዋሷ የጎደላትን ከምግቧና ከአካባቢዋ መልሳ መልቀም አለባት።

ከረጢቱ በእርግጥ ለውሃ ነው? በምን ይታወቃል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ስፓላንዛኒም የሚያየውን አይቶ ነበር የተሳሳተው። ማረጋገጫው ቀላል ሙከራ ነው። ፓራሚሲየሟ ያለችበት ውሃ ላይ ጥቂት ሟሚ ጨምሩና ከረጢቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቁጠሩ። ይዘገያል። በውጪና በውስጥ ያለው ልዩነት ሲጠብ የሚገባው ውሃ ይቀንሳል፤ የሚቀዳውም እንዲሁ። መተንፈሻ ቢሆን ኖሮ ጨው ባላዘገየው ነበር። ሙከራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ማይክሮስኮፕና የእጅ ሰዓት ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ እንደ እኔ እምነት ተማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ በዓይኑ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።

ሌላው ማስረጃ ከአረንጓዴ አልጌ ይመጣል። ክላሚዶሞናስ የምትባለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ በሁለቱ የመዋኛ ጅራፎቿ ሥር ሁለት ቀጂ ከረጢቶች አሏት፤ እየተፈራረቁ ይሠራሉ። በዘረመል ለውጥ ምክንያት ከረጢታቸው የተበላሸባቸው የዚህች አልጌ ዝርያዎች አሉ። በንጹሕ ውሃ ማደግ አይችሉም። ውሃው ላይ ስኳር ሲጨመርበት ግን ይኖራሉ፤ ስኳሩ ምግብ ሆኗቸው ሳይሆን ከውጪ ያለውን ሟሚ ከፍ አድርጎ የሚገባውን ውሃ ስለቀነሰላቸው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በባሕር ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ቀጂ ከረጢት የላቸውም፤ ካላቸውም በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው።

ባክቴሪያዎችስ?

ባክቴሪያ ለዚህ ዘዴ በጣም ታንሳለች። በፓራሚሲየም ውስጥ የሚሞላው ፊኛ ብቻውን ከአንድ ሙሉ ባክቴሪያ ይበልጣል፤ ኢ. ኮላይ የምትባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ለአምስት መቶ ተከፍሎ የአንዱን ክፍል ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ መንገዷ ሌላ ነው፦ ውሃውን አትቀዳም፤ ትችለዋለች። ከስሱ ሽፋን ውጪ ጠንካራ ግድግዳ ሠርታለች። የግድግዳው ዋና አካል ፔፕቲዶግላይካን የሚባል ነው፤ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮች ጎን ለጎን ተሳስረው ሕዋሷን እንደ መረብ ከረጢት ይጠልፏታል። ውሃው ይገባል፣ ሽፋኑ ይወጠራል፣ መረቡ ላይ ተደግፎ ይቆማል። የኳስ ውስጠኛው ላስቲክ ያለ ውጪኛው ቆዳ ጥንካሬ የለውም፤ ልክ እንደዚያ ነው። ግፊቱም በራሱ ጥቅም አለው፤ ሕዋሷን ወጥሮ ቅርጿን ይዞላታል። ተክሎችና እርሾም በዚህ መንገድ ግድግዳ ይጠቀማሉ።

ይህ ግድግዳ የሰው ልጅ ካገኛቸው ታላላቅ መድኃኒቶች አንዱ የሚመታው ቦታ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን የመረቡን ክሮች የሚያስተሳስሩትን ኢንዛይሞች ያግዳል። የምታድግ ባክቴሪያ መረቧን ለማስፋት ሁልጊዜ በአንድ ወገን ትፈታለች፣ በሌላ ወገን ትቋጥራለች። ፔኒሲሊን ሲኖር መፍታቱ ይቀጥላል፤ መቋጠሩ ይቆማል። መረቡ ይሳሳል፤ ቀሪውን የሚሠራው ውሃው ነው። ባክቴሪያዋን በመጨረሻ የሚያፈነዳት ኦስሞሲስ መሆኑን ጆሹዋ ሌደርበርግ በ1956 ባሳተመው ሥራ በሚያምር ሁኔታ አሳይቷል፦ ፔኒሲሊን የተሰጣቸውን ኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎች ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ሲያቆያቸው አልፈነዱም። ግድግዳቸው ጠፍቶ በበትር ቅርጽ ፋንታ ኳስ ሆኑ እንጂ በሕይወት ቆዩ። ወደ ተራ ውሃ ሲመለሱ ግን ይፈነዳሉ።

ማይኮፕላዝማ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ግድግዳ የላቸውም። በሌላ ፍጥረት አካል ውስጥ፣ ሟሚው በተመጣጠነበት ቦታ ስለሚኖሩ ያለ እሱ ይዘልቃሉ። ፔኒሲሊን እነሱ ላይ የማይሠራው የሚመታው ነገር ስለሌለ ነው።

ግድግዳውም ቢሆን ወሰን አለው። ባክቴሪያዋ ጨዋማ ቦታ ቆይታ ድንገት ዝናብ ቢጥልባትስ? ለዚህ ሽፋኗ ላይ የአደጋ ጊዜ ቀዳዳዎች ተሠርተዋል። በግፊት መቀቀያ ድስት ክዳን ላይ እንዳለችው ትንሽ መተንፈሻ ናቸው፤ በሰላሙ ጊዜ ዝግ ናቸው፤ ሽፋኑ ሊቀደድ ሲቃረብ ውጥረቱ ራሱ ይከፍታቸዋል። ትልቁ ቀዳዳ ሲከፈት ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ሚሊዮንኛ ገደማ ይሆናል፤ ለሕዋስ ሽፋን ይህ በር ተበረገደ የሚያሰኝ ነው። ሟሚው ጎርፎ ይወጣል፤ የግፊቱ ምንጭ በቅጽበት ይቀላል። ዋና ዋናዎቹ ቀዳዳዎች በዘረመል እንዲጠፉ የተደረጉ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎች ከጨዋማ ፈሳሽ ወደ ቀጭን ውሃ በድንገት ሲዛወሩ አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ውጪው ከውስጥ ይልቅ ጨዋማ ከሆነስ?

ያኔ ጭንቀቱ ይገለበጣል። ውሃው ከሕዋሷ ይሸሻል፤ ሕዋሷ ትጨማደዳለች፤ ውስጧ ያሉ ፕሮቲኖች ውሃ አጥተው ይጨናነቃሉ። መርሑ ያው ነው፦ ውሃውን ለማቆየት ውስጥ ሟሚ መጨመር። ጥያቄው ምን ዓይነት ሟሚ የሚለው ነው፤ ጨው በብዛት ሲገባ የአብዛኞቹን ፍጥረታት ፕሮቲኖች ሥራ ያውካል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፕሮቲንን የማይነካ፣ ገር የሆነ ሟሚ ያከማቻሉ። ኢ. ኮላይ ለጊዜው ፖታሲየም በፍጥነት ትሰበስባለች፤ ቆይታ ግን ትሬሃሎዝ በሚባል ስኳር ወይም ከአካባቢዋ በምትለቅመው ፕሮሊንና ቤታይን ትተካዋለች።

እርሾ የሚመርጠው ግሊሰሮልን ነው። ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ የገባ እርሾ በሰከንዶች ውስጥ ይኮማተራል። የሽፋኑን ለውጥ የሚያውቁ ፕሮቲኖች መልእክቱን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ፤ ሆግ1 የተባለ ፕሮቲን በደቂቃዎች ውስጥ የዘረመሎች ማደሪያ ወደሆነው ኒውክለስ ገብቶ ግሊሰሮል የሚሠሩ ዘረመሎችን ያስነሳል። በዚያው ጊዜ ግሊሰሮል የሚያመልጥበት የሽፋን ቀዳዳ ይዘጋል። ግሊሰሮሉ ይጠራቀማል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ሕዋሱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይደርሳል።

በዚህ ዘዴ ከሁሉ የምትደንቀኝ ዱናሊየላ ናት፤ የጨው ኩሬዎችን ቀይ የምታደርግ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ። ጠንካራ ግድግዳ የላትም፤ በስስ ሽፋን ብቻ ሆና ጨው ሊጋገር በተቃረበ ውሃ ውስጥ ትዋኛለች። የምትኖረው ውጪው ሲጨውባት ግሊሰሮል እየሠራች፣ ሲቀጥንባት እያጠፋች ነው።

ሃሎባክቴሪየም የሚባሉት ግን ሌላ መንገድ ሄደዋል። በስማቸው ባክቴሪያ ቢባሉም አርኬያ ከሚባለው ወገን ናቸው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ በሙት ባሕር ውስጥ ያለው ከዚህ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ እነዚህ ፍጥረታት እንደዚያ ባሉ ውሃዎች ይኖራሉ። ከጨው አልሸሹም፤ ውስጣቸውን በፖታሲየም ክሎራይድ ሞልተው ከውጪው ጋር አስተካክለውታል። ፕሮቲኖቻቸው ከዚህ ጨው ጋር አብረው እንዲሠሩ ተለውጠዋል፤ ጨው ሲያጡ ቅርጻቸው ይፈርሳል። እኛን የሚገድለን ጨው ለእነሱ ማገር ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብትከቷቸው ይፈነዳሉ።

አካባቢው ራሱ ቢለዋወጥባትስ?

ኩሬ በፀሐይ ይደርቃል፤ የቀረው ውሃ ይጨዋል። ዝናብ ሲጥል መልሶ ይቀጥናል። አንዳንድ አሜባዎች ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ከእነ ጭራሹ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ክብ ሆነው ጠንካራ ቅርፊት ይሠሩና ደግ ቀን እስኪመጣ ተኝተው ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ግን እንደ ነቁ ያልፉታል።

የዚህ ዓይነት ኑሮ ካላቸው አንዷ በሽታ አምጪ ናት። ትሪፓኖሶማ ክሩዚ የምትባለው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ በላቲን አሜሪካ የሚገኘውን የሻጋስ በሽታ ታመጣለች። ሕይወቷን የምታሳልፈው በደም መጣጭ ትኋን አንጀትና በሰው አካል መካከል እየተመላለሰች ነው። በትኋኗ የመጨረሻ አንጀት ውስጥ ሟሚው ከሰው ደም በእጅጉ የበዛ ነው፤ ወደ ሰው ስትሻገር በአንድ ጊዜ ወደ ቀጠነ ፈሳሽ ትገባለች። ይህን ድንጋጤ ከምትቋቋምባቸው ነገሮች አንዱ ያው ቀጂ ከረጢት ነው፤ አኳፖሪንም አለበት። የሰው ሕዋሳት እንዲህ ያለ ከረጢት የላቸውም። መድኃኒት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉበት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከረጢቱን የሚያቆም ነገር ቢገኝ ጥገኛዋን ሲመታ የታማሚውን ሕዋሳት ሊተዋቸው ይችላል።